ለሰሌዳ ተካዮች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የፍጥነት ወሰን ለሚወስኑና ሰሌዳ ለሚተክሉ መሥሪያ ቤቶች፣ ባሉበት
ግልባጭ፦ ከኋላዬ ተጠግቶ ክላክስ ለሚያደርገው ሾፌር
ጉዳዩ፦ ለሰሌዳው እንታዘዝ ወይስ ለመኪናው ሰልፍ የሚለውን ይመለከታል

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት እየተለማመደ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አጠገቡ ተቀምጬ ወጣን። ሰሌዳው 60 ይላል። እሱም 60 ላይ ነው። ሁለት እጁ መሪው ላይ፣ ዓይኑ አንዴ መንገዱ ላይ አንዴ መለኪያው ላይ። ሌላው ሁሉ እየጣለን ያልፋል። ሚኒባስ አለፈን። ከባድ መኪና አለፈን። ጭስ የምትተፋ አንዲት አሮጌ መኪና እንኳ አለፈችን። ሾፌሯ ሲያልፍ አንገቱን አዙሮ አየን፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በደረቅ አስፋልት በ60 የሚሄደው ምን ዓይነት ፍጡር እንደሆነ ለማወቅ መሰለኝ። ወንድሜን ላብ አጠመቀው።

ትንሽ ቆይቶ ጠየቀኝ። «ቆይ ግን፣ የትኛውን ነው የምለምደው? የፈተናውን ነው የመንገዱን?»

«ለጊዜው የፈተናውን» ልለው ነበር። አፌ ላይ ከደረሰ በኋላ ዋጥኩት። እንዲያ ካልኩት፣ ሕግ ማለት መንጃ ፈቃድ እስኪወጣ ብቻ የሚከበር ነገር ነው ብዬ ማስተማሬ ነው። ደግሞስ ጥያቄውን ከየት አመጣው? ከጎኔ ተቀምጦ፣ እኔን እያየ ነው ያደገው።

መልስ ስላጣሁ ጥያቄውን ለእናንተ አመጣሁት። ግማሹን የምትመልሱት እናንተ ናችሁ። የቀረውን ግማሽ ደግሞ ግልባጩ የሚደርሰው ሰው።

ሾፌር የሆነ ሁሉ ጭንቀቱን ያውቀዋል። ሰሌዳው 80 ይላል፤ ሰልፉ 100 ይሄዳል። 80 ከያዝኩ ስፖኪዮዬን የከባድ መኪና ግንባር ይሞላዋል። ረጅም መብራት ይበራብኛል። ክላክስ ይከተላል። ትከሻዬ ሳላውቀው ወደ ጆሮዬ ይወጣል። 100 ከያዝኩ ደግሞ ሰላም ነው። ማንም አያየኝም፣ ማንም አይሰድበኝም። ሌላ ቦታ የሚሸማቀቀው ሕግ የጣሰ ሰው ነው። መንገድ ላይ የሚሸማቀቀው ሕግ ያከበረው ነው። እንዴት እዚህ እንደደረስን እንጃ፣ ግን ደርሰናል።

«ከሰው ጋር መሄድ ይሻላል፤ አደጋ የሚያመጣው ፍጥነት ሳይሆን የፍጥነት ልዩነት ነው» የሚል ክርክር አለ። እኔም ከየት እንደመጣ ሳልጠይቅ ለዓመታት ስለው ኖሬያለሁ። ኋላ ላይ ነው ሥሩን የፈለግኩት። እ.ኤ.አ. በ1964 ዴቪድ ሰለሞን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ ከከተማ ውጭ ባሉ ዋና ዋና መንገዶች የደረሱ አደጋዎችን አጥንቶ አንድ ሥዕል አወጣ። ሥዕሉ ጎድጓዳ ሳህን ይመስላል። ከአማካዩ ፍጥነት በጣም የዘገየ አደጋ ይበዛበታል። በጣም የፈጠነም ይበዛበታል። ከብዙኃኑ ጋር የሚሄደው ሾፌር የሳህኑ ታች ላይ ተቀምጧል፤ አደጋው ትንሽ ነው። ይህ ሳህን ስንት ክርክር እንዳሸነፈ ቤት ይቁጠረው።

ሳህኑን ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ስንጥቅ አለው። ከአደጋው በፊት የነበረው ፍጥነት በመሣሪያ የተለካ አልነበረም። ግምት ነው፤ ከገማቾቹ መካከልም ሾፌሮቹ ራሳቸው አሉበት። መኪና አጋጭቶ የቆመ ሰው «ስንት ይዘህ ነበር?» ሲባል ምን እንደሚል አስቡት። ሊታጠፍ ብሎ ያዘገመው መኪናም «ዘገምተኛ» ተብሎ ተቆጥሯል። ሌሎች ተመራማሪዎች በኋላ እንዲህ የሚታጠፉትን መኪኖች ከስሌቱ ሲያወጡ፣ በዝግታ በኩል ያለው የሳህኑ ጠርዝ በጣም ዝቅ አለ። ደግሞ ሳህኑን የሚጠቅስ ሰው የማያነሣት ነገር እዚያው ጥናት ውስጥ አለች። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር፣ አደጋው ሲደርስ የሚያደርሰው ጉዳት ይከፋል።

በአውስትራሊያ የአደላይድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መንገድ ያዙት። ወሰኑ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት በሆነባቸው መንገዶች ሰው የተጎዳባቸውን አደጋዎች ወሰዱ። በ65 የሚሄድ ሾፌር እንዲህ ያለ አደጋ ውስጥ የመግባት ዕድሉ በ60 ከሚሄደው እጥፍ ሆኖ አገኙት። በ70 የሚሄደው አራት እጥፍ። በየ5 ኪሎ ሜትሩ እጥፍ ማለት ነው። ከ60 በታች የሄዱት ላይ ግን የባሰ አደጋ አልታየም። ሳህኑ የት ገባ?

ልዩነቱ ምንም አያመጣም ማለቴ አይደለም። በ100 የሚመጣ ሰው በ80 የሚሄደውን ሲደርስበት ወይ ፍሬን ይረግጣል ወይ ደርቦ ይቀድማል። ሁለቱም አደጋ አላቸው። እኔ የምለው፣ የልዩነቱ ዕዳ ሁልጊዜ በዘገየው ስም ለምን ይጻፋል ነው። 20ውን የጨመረው እኮ ሌላ ሰው ነው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ። አትሽሹ፣ አጭር ነች።

ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አንዱ በ50፣ አንዱ በ60። 28 ሜትር ፊታቸው ላይ ልጅ ኳሱን ተከትሎ ዘው ይላል። ሁለቱም ሾፌሮች ንቁ ናቸው፤ ፍሬን እስኪረግጡ 1 ሰከንድ ይፈጅባቸዋል። መንገዱ ደረቅ ነው፣ ፍሬናቸውም ጥሩ ነው። የ50ው ሾፌር በዚያች ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። ለመቆም ደግሞ ሌላ 14 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ልጁ እግር ሥር ይቆማል። ሁለቱም ይደነግጣሉ፣ ሾፌሩ ይሳደባል፣ ልጁ ኳሱን ይዞ ይሮጣል። የ60ው ሾፌርስ? ፍሬን ሳይነካ ወደ 17 ሜትር ሄዷል። ልጁ ጋ ሲደርስ መኪናው ገና በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት እየሄደ ነው። ልብ በሉ፣ የተጨመረው 10 ብቻ ነው። የቀረው 40 ነው።

ይህን ሳሰላ እርሳሴን አስቀምጬ ቆየሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ 10 ማለፍ የ10 ጥፋት ይመስለኝ ነበር።

የዚህ ዓይነት ሒሳብ በአገር ደረጃ ሲታይም ያው ነው። ስዊድናዊው ጎራን ኒልሰን የአንድ መንገድ አማካይ ፍጥነት ሲቀየር አደጋው እንዴት እንደሚቀየር የሚያሳይ ቀመር አወጣ። በእሱ ስሌት አማካዩ 1 በመቶ ከፍ ሲል ሞት የሚያስከትለው አደጋ ወደ 4 በመቶ ይጨምራል። አማካይ ማለት ደግሞ እኛ ነን። እኔ፣ ከፊቴ ያለው፣ ከኋላዬ ያለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ከምንም በላይ የሚገድለው ይኸው ነው። ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው።

ወደ ሰልፉ ልመለስ። «ሰልፉ ይዞኝ ሄደ» እንላለን። እንደ ጎርፍ። እኔም ጎርፍ ይመስለኝ ነበር። አንድ ምሽት ግን ሳልፈልግ የተማርኩት ነገር አለ። ወሰኑ 60 በሆነ መንገድ እኔም እንደሰው በ80 እየሄድኩ ነበር። ከኋላዬ ሁለት መኪኖች ተከትለውኛል። እየገፉኝ ነው ብዬ አስብ ነበር። ስልኬ ጠራና፣ ላነሣውም ባልፈልግ፣ ሐሳቤ ተከፍሎ እግሬ ላላ። መኪናዋ ቀስ በቀስ 60 ገባች። ክላክስ ጠበቅኩ። የለም። በአጠገቤ ያለው መስመር ባዶ ነበር፤ ይቀድሙኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልቀደሙም። ሁለቱም ከኋላዬ 60 ገብተው ተረጋግተው መጡ። እንዲያው እስከ መገንጠያው ድረስ አብረን ሄድን።

ለካ እነሱም እኔን ነበር የሚያዩት። እኔ እነሱን ፈርቼ 80 እነዳለሁ፤ እነሱ እኔን አይተው 80 ይነዳሉ። ሦስታችንም ብንጠየቅ «ሰልፉ ነው» ነበር የምንለው።

ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም፣ አውቃለሁ። የሚገፋ አለ። የሚሳደብ አለ። ግን ያች ምሽት «ሰልፉ» የሚለውን ቃል አበላሸችብኝ። ከዚያ ወዲህ ስለው ያሳፍረኛል።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ካልተናገርኩ ደብዳቤው ውሸት ይሆናል። ንስሐ የገባ ሰው ያበዛል አይደል? እኔም አበዛሁት። ለተወሰነ ጊዜ በመቅደሚያው መስመር ላይ ልክ 80 ይዤ መሄድ ጀመርኩ። ማንም እንዳያልፍ። ራሴን ትራፊክ ፖሊስ አድርጌ ሾምኩ። «ሕግ ነው፤ ከ80 በላይ የት ልትሄድ ነው?» እያልኩ በልቤ እኩራራለሁ። ከኋላዬ የተናደደው ሰው በማይቀደምበት በኩል ተሽሎክሉኮ ሲያልፍ፣ «አየህ ዕብዱን!» እላለሁ። ዕብዱን የፈጠርኩት ግን እኔ ነኝ። ዓለም አቀፉ የ1968ቱ የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ያለ በቂ ምክንያት ከልክ በላይ አዝግሞ ሌላውን ማደናቀፍን ይከለክላል። ወሰኑን ጠብቆ መሄድ ማዝገም አይደለም። የመቅደሚያውን መስመር ግንብ ሠርቶ መዝጋት ግን ሌላ ነገር ነው። ተውኩት። የጠርዙን መስመር ይዣለሁ።

እንዲሁም ከዳር ገብቶ ከፈጣን መንገድ ጋር መቀላቀል ሌላ ነው። በማቀላቀያው መስመር ላይ ፍጥነት ሰብስቦ፣ ፍሬቻ አሳይቶ፣ ከሚመጡት ጋር ተመጣጥኖ መግባት ነው እንጂ፣ በ40 ተንፏቆ ዘሎ መግባት ጨዋነት አይደለም። ወንድሜ ይህችን ገና አልለመዳትም። ዓይኑን ጨፍኖ የሚገባ ነው የሚመስለው።

አሁን ግልባጩ ለደረሰህ፣ ለአንተ። ወንድሜ ወይም እህቴ፣ ማን እንደሆንክ አላውቅም። መብራትህ ስለሚያጥበረብረኝ ብዙ ጊዜ ፊትህ አይታየኝም።

ቸኩለሃል። ምናልባት እውነተኛ ምክንያት አለህ። ሰው ታሞብህ ይሆናል፣ ሥራ አርፍዶብህ ይሆናል። አልፈርድብህም። እለፈኝ። መንገዱ ሲፈቅድ፣ ከፊት የሚመጣ ሳይኖር፣ እለፈኝ። እኔ ፍጥነት ጨምሬ አልፎካከርህም። ቦታ ካለ ጠርዝ ይዤ አሳልፍሃለሁ። አንድ ነገር ብቻ አታድርግ። አምስት ሜትር ላይ አትለጠፍብኝ። በ80 ስንሄድ አምስት ሜትር ማለት ሩብ ሰከንድ የማይሞላ ጊዜ ነው። ከዓይን ጥቅሻ ብዙም አይበልጥም። እኔ ፍሬን ብረግጥ አንተ ገና ሳታስበው ኮፈንህ እኔ ወንበር ላይ ነው። በመካከላችን ቢያንስ 2 ሰከንድ ቢኖር ይመከራል፤ በ80 ያ 44 ሜትር ያህል ነው። ምሰሶ ሲያልፈኝ መቁጠር ጀምር። አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት። ሳትጨርስ ምሰሶው ጋ ከደረስክ በጣም ቀርበሃል።

ስትለጠፍብኝ እኔ ምን እንደማደርግም ልንገርህ፣ እንዳትገረም። አላፈጥንም። ፍሬን ነካ ነካ አድርጌም አላስደነግጥህም፤ እሱ የልጅ ሥራ ነው፣ ሰው ይገድላል። ከፊቴ ያለውን ርቀት ነው የማሰፋው። አንተ ከኋላ ቦታ ስለከለከልከኝ ከፊት ቦታ እሰበስባለሁ። ፊቴ ያለው ድንገት ቢቆም ቀስ ብዬ ለመቆም፣ አንተም እንድትቆም። ለሁለታችንም ነው ርቀት የምይዘው። አንተ ግን «ይሄ ደግሞ ጭራሽ ክፍት ቦታ ትቶ ይሄዳል!» ብለህ ትናደዳለህ።

ያ ክፍት ቦታ መንገዱንም ያፈጥነዋል ብልህ አታምነኝም። እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሙከራ አለ። 22 መኪኖችን 230 ሜትር ዙሪያ ባላት ክብ መንገድ ላይ አሰለፉ። መገናኛ የለም፣ መብራት የለም፣ አደጋ የለም። በ30 ገደማ እኩል ንዱ ተባሉ። ትንሽ ቆይቶ በባዶ ሜዳ መጨናነቅ ተፈጠረ። አንዱ ትንሽ ይቀርባል፣ ፍሬን ይነካል፤ የኋላው ትንሽ ጠንከር አድርጎ ይነካል፤ የእሱ የኋላ ይቆማል። ማንም አላጠፋም፤ ተቀራረቡ እንጂ። እና ጠዋት ጠዋት «ምን ተፈጥሮ ነው የተዘጋው?» እያልን የምንራገምበት መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ የተፈጠረው ነገር እኛው ነን።

ስለምታተርፈው ጊዜም እናውራ። 18 ኪሎ ሜትር በ60 ስትሄድ 18 ደቂቃ ነው። በ75 ስትሄድ ከ14 ደቂቃ ትንሽ ይበልጣል። ያተረፍከው አራት ደቂቃ አይሞላም፤ እሱም መብራትና መገናኛ ከሌለ ነው። አለ እንጂ! ባለፈው ሳምንት ክላክስህን አስጩኸህ ያለፍከኝ ጊዜ፣ ቀጣዩ ቀይ መብራት ላይ ጎን ለጎን ቆምን። ትዝ ይልሃል? ሁለታችንም ፊት ለፊት አፈጠጥን። አንተ ሬዲዮ የምታስተካክል መሰልክ። እኔም መነጽሬን ወለወልኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው መሰለኝ። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ደግሞ ጎማህን አስጩኸህ ሄድክ። ቀጣዩ መብራት ላይም ተገናኘን። ያኔ ግን እጅ ነሣኸኝ። ስለሳቅክ ነው ይህን ደብዳቤ በሰላም የምጽፍልህ።

አሁን እናንተ ሰሌዳ ተካዮች። ሾፌሩን ብቻ ወቅሼ ልለያችሁ አልችልም። ሰሌዳችሁ ራሱ አንዳንዴ ያሳፍረናል።

ከቤቴ ወደ ሥራ በምሄድበት መንገድ ላይ ለመንገድ ሥራ የተተከለ የ30 ሰሌዳ አለ። ሥራው ካለቀ ወራት አልፈዋል። ቆፋሪዎቹ ሄደዋል፣ አስፋልቱ ተነጥፏል፣ መስመሩ ተቀብቷል። ሰሌዳው ግን እዚያው ነው። ትንሽ አዘንብሏል። በ30 የሚያልፈው አንድም ሰው የለም፤ እኔም ብሆን አልችልም፣ ከኋላ ይወጡብኛል። ያ ሰሌዳ ምን እየሠራ እንደሆነ ታውቃላችሁ? በየቀኑ በሺህ ለሚቆጠር ሰው «ሰሌዳ ዝም ብሎ ነው» እያለ ያስተምራል። ሁለት ኪሎ ሜትር አልፎ ትምህርት ቤት በር ላይ ያለው ሌላው የ30 ሰሌዳ እውነተኛ ነው። ግን ሾፌሩ ከመጀመሪያው ሰሌዳ ተምሮ ነው የሚመጣው።

ምክንያቱ የማይታይ ሰሌዳ ሰው አያከብርም። ይህ የዛሬ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1896 ዋልተር አርኖልድ የሚባል ሰው በፍጥነት ተከሶ ተቀጣ። ወሰኑ በከተማ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ከእግረኛ ያነሰ! እሱ በ13 ገደማ ሲሄድ ፖሊስ በብስክሌት አባርሮ ያዘው። በዚያው ዓመት ሕጉ ተሻሽሎ ወሰኑ ወደ 22 ከፍ አለ። የገረመኝ የሰውየው መያዝ አይደለም። ሕጉ ከመንገዱ ጋር መጣላቱ ሲታወቅ፣ የተስተካከለው በሰው ዝምታና በፖሊስ ቸልታ ሳይሆን በሕግ መሆኑ ነው።

ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «እንግዲያው ሰው በሚነዳበት ፍጥነት ወሰን ይውጣ» የሚል አለ። አሜሪካ ውስጥ ለብዙ ጊዜ ሲሠራበት የኖረ ዘዴም ነው። ከ100 መኪና 85ቱ የማያልፉትን ፍጥነት ይለኩና ወሰኑን እዚያ አካባቢ ያደርጉታል። አመክንዮው ቀላል ነው፤ ብዙኃኑ ሾፌር ዕብድ አይደለም ይላል። እኔ ግን ያቺን ምሽት ካየሁ በኋላ አላምነውም። ብዙኃኑ እርስ በርሱ ነው የሚተያየው። ወሰኑን ወደ ሰልፉ ብታመጡት ሰልፉ ይሸሻል። ደግሞ ስትለኩ የምትቆጥሩት መኪና ብቻ ነው። ዜብራ ላይ ቆማ ክፍተት የምትጠብቀው አሮጊት ከ85ቱ ውስጥ የለችም።

ይልቅ መንገዱ ራሱ ይናገር። ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ የሚያክል መንገድ ሠርታችሁ 50 ብላችሁ ትጽፉበታላችሁ። እግራችን ለመንገዱ ይታዘዛል፣ ዓይናችን ለሰሌዳው። ሁለቱ ሲጣሉ እግር ያሸንፋል። መስመሩ ጠበብ ሲል፣ ዜብራው ከፍ ብሎ ሲሠራ፣ አደባባይ ሲኖር፣ ማንም ሳይነግረን እንቀንሳለን። ያኔ ወንድሜም አይጠይቅም፤ የፈተናውም የመንገዱም አንድ ይሆናሉ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1997 በፓርላማ ያጸደቀችው የዜሮ ሞት ራእይ የሚባለው መመሪያ መነሻው ይኸው ነው። ሰው መሳሳቱ አይቀርም፣ መንገዱ ስሕተቱን በሞት እንዳይቀጣ አድርጋችሁ ሥሩት ይላል።

ስለ ካሜራ አንድ ነገር። ቁጥቋጦ ውስጥ የተደበቀውን አልወድም። ካሜራዎቹ ያሉበትን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እዚያ ሲደርስ ፍሬን ይረግጣል፣ አልፎ ይለቀዋል። ከኋላው ያለው እንግዳ ሾፌር ደግሞ ይደነግጣል። ሁለት ነጥብ ላይ ሰዓት ይዞ በመካከል ያለውን አማካይ ፍጥነት የሚያሰላው ዓይነት ይሻላል። እሱ ላይ ድንገተኛ ፍሬን ትርጉም የለውም። ለብዙ ኪሎ ሜትር እኩል መሄድ ነው ያለው አማራጭ። በዚያ መንገድ ላይ 80 ይዤ ስነዳ ማንም አይገፋኝም፤ ሁሉም 80 ላይ ነው። ሕግ ማክበርና ከሰው ጋር መሄድ አንድ የሆነበት መንገድ ላይ መንዳት እንዴት ያለ ዕረፍት እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም።

«ትንሽ ይታለፋል» የምትሉትንም ተዉት ወይም ጻፉት። ሰሌዳው 80 ይላል፣ ሰው ግን «እስከ 90 አይቀጡም» ይላል። እውነተኛውን ወሰን ከሐሜት ነው የምንሰማው። ሐሜት ደግሞ በየዓመቱ ያድጋል። የፍጥነት መለኪያው ላይ ያለውን ጉዳይ ጨምራችሁ አስቡት። ብዙ አገሮች የሚከተሉት የተባበሩት መንግሥታት ደንብ መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዳያሳይ ይከለክላል፤ በላይ ማሳየት ግን ይፈቅድለታል። በተግባርም ብዙ ጊዜ ትንሽ ከፍ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ይህን የሚያውቅ ሾፌር ያችን ይጨምራል፣ የሐሜቱን 10 ይጨምራል፣ የሰልፉን 10 ይጨምራል። ከዚያ «ብዙም አላለፍኩም» ይላል። አምኖበት ነው የሚለው።

በአውሮፓ ኅብረት ከእ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 ጀምሮ አዲስ የሚሸጡ መኪኖች ወሰኑ ሲታለፍ ሾፌሩን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆኗል። ሾፌሩ ሊያልፈው ይችላል፤ መኪናው መሪውን አይቀማውም። ጓደኛዬ እንዲህ ያለ መኪና አለው። ያንን የመንገድ ሥራ ሰሌዳ የመሰለ ነገር በመኪናው ካሜራ ባነበበ ቁጥር መኪናው ይጮኻል። ጓደኛዬም ሲያስነሣ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ድምፁን ማጥፋት ነው። ሰሌዳችሁ መኪናውን ሳይቀር አሳሳተው ማለት ነው።

ወንድሜ የሚፈተነው የፊታችን ሐሙስ ነው። ትናንት እንደገና ወጥተን ነበር። የጠርዙን መስመር ያዘ፣ 60 አደረገ፣ ከፊቱ ያለውን ርቀት ጮክ ብሎ ቆጠረ። አንድ ሚኒባስ ክላክስ አድርጎ አለፈን። ወንድሜ እጁን አውጥቶ ሰላም አለው። ከዚያ ያ የ30 ሰሌዳ ጋ ደረስን። እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሣና ወደ እኔ ዞረ። ከኋላችን ከባድ መኪና አለ። ምን ልበለው? ይኸው ቆሜ እጠይቃለሁ። ሌላው ሁሉ ጊዜ ይፈጃል፣ በጀት ይፈልጋል፣ ይገባኛል። ያንን ሰሌዳ ለመንቀል ግን ሁለት ሰውና አንድ ዲጂኖ ይበቃል። ከሐሙስ በፊት ቢሆን ደስ ይለኛል።

ከሰላምታ ጋር
በጠርዙ መስመር በ60 ከሚሄደው